በገዳሪፍ የፈረስ ጋጣ የዋልንበት የጥቅምት ቀን

በባሕረ ሐሳባችን ሥርዐት ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ድረስ ያለው ወራት መፀው ይባላል። ክረምቱ የሚያልፍበት፣ ወንዙ የሚጎድልበት፣ አበባው ፍሬ የሚሆንበትና ገበሬው ማጭዱን ስሎ ወደ አዝመራው የሚወጣበት ወራት ነው። ከድንበር ማዶ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሱዳናውያን ደግሞ «ኸሪፍ» የሚል ቃል አላቸው። ይህ ቃል በአረብኛ መዝገበ ቃላት ቢፈለግ ትርጓሜው ቅጠል የሚረግፍበትና ፍሬ የሚለቀምበት ወራት ነው፤ በሱዳን ምድር ግን ሕዝቡ ኸሪፍ ብሎ የሚጠራው እኛ ክረምት የምንለውን የዝናቡን ጊዜ ነው። ስለዚህ ቋንቋ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን የዚያ አገር ሰው «በኸሪፍ እንገናኝ» ቢላቸው፣ ጃንጥላና የጭቃ ጫማ ይዘው ይሂዱ እንጂ የመከር ወራት ነው ብለው አይጠብቁ።

እኛ ወደ ገዳሪፍ የወረድነው ኸሪፉ ባለፈበት፣ መፀውም በገባበት በጥቅምት ወር ነው። የሄድንበትም ምክንያት በዚያች ከተማ ዳርቻ የሚኖሩ አንድ የፈረስ አርቢ በዚህ ወራት ውሏቸው ምን እንደሚመስል ለማየት ነበር። ፈረስ የደጋ እንስሳ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በቆላ ፈረስ አርብቶ ቤተ ሰብ ማስተዳደር ግን እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄድ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን በየተራ ያያል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖራት፣ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚደርሱባት መተማ ዮሐንስ ግን 700 ሜትር ገደማ ብቻ ናት። በጭልጋ የለበስነውን ጋቢ ነጋዴ ባሕር ስንደርስ አወለቅን፤ ገንዳ ውሃ ስንደርስ ደግሞ ኮታችንን አጥፈን በጉልበታችን ላይ አኖርን። ከመተማ ትንሹን ጅረት ተሻግሮ ጋላባት፣ ከጋላባትም በዶካ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ገዳሪፍ ይገባል።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ምድር ዐይን እስኪደክመው ድረስ ሜዳ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በዝናብ ጊዜ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ጎማም ሆነ ኮቴ አያሳልፍም፤ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር የሚውጥ ጎድጓዳ ይሆናል። በጥቅምት ይህ ምድር ከሁለቱ ጠባዮቹ መካከል ላይ ይገኛል። በአንድ ወገን ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ፣ «ሂላ» በሚባለው ክምር ራሱን ወደ ላይ አድርጎ ቆሞ ይደርቃል፤ በሌላ ወገን ማሽላው ገና ራሱን እያቀላ ነው። ሰሊጥ ትዕግሥት የሌለው እህል ነው። ቀኑ ካለፈ ፍሬው ከነአቃፊው ተከፍቶ መሬት ላይ ይፈስሳልና፣ ባለ እርሻውም፣ ከደጋ የሚወርደው ሳሉግ የሚባለው ሠራተኛም፣ ጋሪ ነጂውም በዚህ ወር እንቅልፍ የላቸውም።

ገዳሪፍ ራሷ የእህል ከተማ ናት። ቀድሞ «ሱቅ አቡ ሲን» እየተባለች ትጠራ ነበር፤ ይህም የሹክሪያ ጎሣ አለቆች በሆኑት በአቡ ሲን ቤተ ሰብ ስም የአቡ ሲን ገበያ ማለት ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ የባቡር ሐዲድ ከከሰላ ተነሥቶ ደረሰላት፤ በ1940ዎቹ ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሠራዊቱን ለመቀለብ በአካባቢዋ በትራክተር የሚታረስ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ እርሻው እየሰፋ ሄዶ፣ የከተማይቱ የሰሊጥና የማሽላ ጨረታ በመላው ሱዳን የታወቀ ሆነ። ነገር ግን እህል የሞላባት ይህች ከተማ ውሃ የሚቸግራት ናት። ስለዚህ በርሜል የተጫነበት የአህያና የፈረስ ጋሪ በየሰፈሩ ሲዞር ማየት የዘወትር ነገር ነው። ይህን ጋሪ የአገሩ ሰው «ካሮ» ይለዋል።

ፈረስ በዚህ ድንበር አዲስ አይደለም። መተማ ተክሩር የሚባሉት ከምዕራብ የመጡ ሰዎች የሰፈሩባት የጥንት ገበያ ናት፤ ከደጋው ቡና፣ ሰም፣ ፈረስና በቅሎ ወርዶ፣ ከቆላው ጥጥና የውጭ አገር ዕቃ ወጥቶ የሚለዋወጥባት በር ነበረች። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ ተጓዥ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ወንዞች አካባቢ ተዘዋውሮ፣ በ1867 ባሳተመው መጽሐፉ ሐምራን የተባሉት ዐረቦች በፈረስ ተቀምጠው በሰይፍ ብቻ ዝሆን ሲያድኑ ማየቱን ጽፏል። አንደኛው ፈረሰኛ ዝሆኑን አስቆጥቶ ወደ ራሱ ሲያስከትል፣ ሌላው ከኋላ ደርሶ የእግሩን ጅማት ይቆርጥ ነበር። ፈረሱ ለአንድ አፍታ ቢሰናከል የጌታው ሕይወት ያበቃል ማለት ነው።

በእኛም ዘንድ የፈረስ ክብር ከሰው ስም ጋር የተቈራኘ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የተነሡባት ቋራ ከዚህ ድንበር ዳር ናት፤ የፈረስ ስማቸውም አባ ታጠቅ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ፣ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ. ም. ከደርቡሾች ጋር መተማ ላይ ተዋግተው ቈስለው በማግሥቱ ዐረፉ፤ የድንበሩ ከተማ መተማ ዮሐንስ ተብላ የምትጠራው በእርሳቸው መታሰቢያ ነው። አማርኛ የሚማር ሰው «አባ» የሚለው ቃል በካህን ስም ፊት ብቻ የሚገባ ሊመስለው ይችላል፤ በጦር ሜዳ ግን «አባ እንትና» ማለት የእገሌ ፈረስ ጌታ ማለት መሆኑን ልብ ይበል።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። የፈረስ አርቢው ቤት ከከተማው ዳርቻ፣ የማሽላ እርሻ በሚጀምርበት ስፍራ ይገኛል። ባለቤቱ የጭልጋ ተወላጅ ናቸው። በጕልምስናቸው ሰሊጥ ለማጨድ ሳሉግ ሆነው ወረዱ፤ ከአንድ ሱዳናዊ ፈረስ አርቢ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን ተማሩ፤ ከመተማ ሰው ልጅ አግብተው በዚያው ቀሩ። ዛሬ ሦስት ባዝራዎች፣ አንድ ድንጉላ፣ ሦስት የጋሪ ሰንጋዎችና አንድ ውርንጭላ አሏቸው፤ በተጨማሪም አራት አህዮች አሉ። ባዝራ ማለት ሴቲቱ ፈረስ ናት፤ ድንጉላ ያልተኮላሸው ወንድ፣ ሰንጋ ደግሞ የተኮላሸው ነው። በአረብኛ «ፈረስ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ለሴቲቱ የሚነገር ሲሆን በእኛ ለሁለቱም ነው። ልጓምን «ሊጃም» ይሉታልና በዚህ ስንግባባ፣ ኮርቻን «ሰርጅ» ሲሉት ግን እንለያያለን።

ሳይነጋ ደረስን። ፈረሶች በውጭ ሲግጡ እናገኛለን ብለን ነበር፤ ነገር ግን ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር። ጋጣው በማሽላ አገዳና በጭቃ የተሠራ፣ ሣር የለበሰ ረጅም ቤት ነው። በበሩና በመስኮቶቹ ላይ ሰው ከወባ ትንኝ የሚከለልበት አጎበር ሁለት ጊዜ ተደርቦ ተሰቅሏል። በደጁም የደረቀ ፋንድያ እየጨሰ አደረ። «ፀሐይ ሞቅ ሳትል አንድም ፈረስ ከዚህ አይወጣም፤» አሉን ባለቤቱ፤ «ማታም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይገባል። ይህ የጥቅምትና የኅዳር ሕጋችን ነው።»

ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል የሆነው ልጃቸው ወደ ጋጣው ገባ። በመጀመሪያ የእያንዳንዱን ፈረስ ሙቀት በመለኪያ ለካና በደብተር ጻፈ፤ ከ38 ዲግሪ ከግማሽ ያለፈ እንደ ሆነ ፈረሱ ከሥራ ይቀራል። ቀጥሎም ከዐይን በላይ ያለውን ጎድጓዳ ስፍራ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ይህ ስፍራ በጤነኛ ፈረስ ላይ እንደ ትንሽ ጽዋ የጎደጎደ ነው፤ በሽታው የያዘው እንደ ሆነ ግን ያብጥና ይሞላል። «እኛ ፊቱን ሳይሆን ይህን ጎድጓዳ ነው የምናነበው፤» አለን ወጣቱ። በዚያ ቀን ስምንቱም ደኅና አደሩ። አባትየውም በደጁ ቆመው «ተመስገን» አሉ፤ ይህንም የተናገሩት ከወር በላይ በየማለዳው ሲሉት እንደ ኖረ ሰው ነበር።

የሚፈሩት በሽታ በዓለም ላይ «የአፍሪካ የፈረስ በሽታ» ተብሎ ይታወቃል። የሚያመጣው ዘጠኝ ዓይነት ዝርያ ያለው ቫይረስ ነው። ከፈረስ ወደ ፈረስ በመነካካት አይጋባም፤ ከወባ ትንኝ እጅግ የምታንስ፣ ከማታ እስከ ማለዳ የምትናከስ ትንኝ ናት የምታስተላልፈው። ይህንንም ዱ ቶይት የተባለ የደቡብ አፍሪካ ሊቅ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1944 አረጋገጠ። ዝናቡ አልፎ ረግረጉ ገና ሳይደርቅ ትንኟ ትበዛለችና፣ በሽታው የሚበረታው አዝመራው በሚደርስበት በዚሁ ወራት ነው። የያዘው ፈረስ ያተኩሰዋል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በቅሎ ከፈረስ የተሻለ ትቋቋማለች፤ አህያ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ትችለዋለች፤ ብዙ ጊዜ ታማም ሳትታወቅ ታልፋለች።

በዚህ በሽታ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1854 እና በ1855 በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ግዛት ወደ 70,000 የሚጠጉ ፈረሶች አለቁ። ከ1959 እስከ 1961 ደግሞ ከአፍሪካ ወጥቶ ከመካከለኛው ምሥራቅ እስከ ህንድ ተዛመተና ከ300,000 የሚበልጡ የጋማ ከብቶች ፈጀ። እንግዲህ የቆላ ፈረስ አርቢ የሚዋጋው ከዚህ ጋር ነው። ጥንት ከደጋ ወደዚህ የሚወርድ ነጋዴ ምድሩ ደርቆ በጋ እስኪገባ መጠበቁ የትንኟን ነገር ዐውቆ ባይሆንም፣ ከልምድ የተገኘ ጥበብ ነበር። የሹክሪያ ዘላኖችም በክረምት ግመሎቻቸውን ወደ ሰሜን ወደ ቡጣና የሚነዱት ከጭቃውና ቤከር «ሰሩት» ብሎ ከጠቀሰው ከብት አስጨናቂ ዝንብ ሲሸሹ ነው። እኛ በደረስንበትም ሰሞን እነዚሁ ግመሎች ወደ ደቡብ ሲመለሱ በመንገድ ላይ አግኝተናቸዋል።

ፀሐይ ሞቅ ስትል ጋጣው ተከፈተና ግቢው በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ። አምባላይዋ ባዝራ በመጀመሪያ ወጣች፤ አምባላይ ማለት ነጭ ፈረስ ነው። ተከትላ ዳማዋ ከነውርንጭላዋ፣ ከዚያም ቡላዋ ወጡ። ውርንጭላው እንደ እናቱ ዳማ ሆኖ በግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት አለው፤ እንዲህ ያለውን ቦራ እንለዋለን። ከተወለደ ሁለት ወር ሆኖታል። ባለቤቱ እናቲቱን ከመውለዷ በፊት ያስከተቧት በዕውቀት ነው፤ የተከተበች ባዝራ እንገር ለውርንጭላው የመጀመሪያዎቹን ወራት መከላከያ ይሰጠዋልና። ጉራቹ ድንጉላ ለብቻው ታስሮ ወጣ፤ ሜዳውን ባየ ጊዜም ሽምጥ ሊጋልብ ፈልጎ ያዡን ልጅ ሁለት ሦስት ጊዜ አዞረው።

ሥራው ወዲያው ተከፋፈለ። ወጣቱ የሰንጋዎቹን ኮቴ በቢላዋ እየጠረበ፣ በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ የገባውን ድንጋይ አወጣ። የምዕራብ ሱዳን ተወላጅ የሆነው ረዳት የጋሪዎቹን መንኰራኵር ቅባት ቀባ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሆናት ልጃገረድ ለቡላዋ ባዝራ ማሽላና የሰሊጥ ፋጉሎ ቀላቅላ በገበታ አቀረበች፤ ይህች ባዝራ ከእርሷ እጅ በቀር እንደማትበላ እናትዬዋ በኩራት ነገሩን። ሁለት ሰዎች ደግሞ በማጭድ ሣር ሲያጭዱ ዋሉ። በመፀው ያልታጨደ ሣር በኅዳር መጨረሻ ቃጠሎ እንጂ መኖ አይሆንም፤ ስለዚህ የበጋው ድርቆሽ በዚህ ሰሞን መከመር አለበት። የራሳቸው ሣር ግን ለስምንት ፈረስ ስለማይበቃ ሌላ መግዛት ግድ ነው።

ረፋዱ ላይ የአንድ የሰሊጥ ነጋዴ ወኪል በመኪና መጣ። ባለቤቱን አክብሮ በአረብኛ «አጎቴ» ብሎ ጠራቸውና ጉዳዩን ነገራቸው። ትራክተሩ ተሰብሯል፤ ነዳጅም ተወዷል፤ ሰሊጡ ግን ከሂላው ወርዶ ወደ መጋዘን መግባት አለበት። እርሻው ወደ አትባራ ወንዝ አቅጣጫ ሩቅ በመሆኑ፣ ሁለት ጋሪ ከነፈረሶቻቸው ዐሥር ቀን በዚያው አድረው እንዲሠሩ ፈለገ። ያቀረበውም ዋጋ የዓመቱን ድርቆሽ የሚገዛ ነበር።

«ለቀኑ እሰጥሃለሁ፤ ለሌሊቱ ግን አልሰጥህም፤» አሉት ባለቤቱ።

«ፈረሶችዎ ተከትበዋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ታዲያ ምን ያስፈራዎታል?»

«ክትባት ጋሻ ነው። ጋሻ የያዘ ሰው ግን ጦር ከሚወረወርበት ሄዶ አይተኛም።»

ልጃቸው ኮቴ መጥረቡን ትቶ ቀና አለ። በአባቱ ፊት ድምፁን ሳያነሣ፣ «አባባ፣ ድርቆሹ ገና አልተገዛም፤ የእኅቴም የትምህርት ቤት ክፍያ አለብን። አንቱ ቢፈቅዱ እኔ ራሴ አብሬያቸው አድራለሁ፤ እሳትም አነዳለሁ፤» አለ።

አባትየው ወዲያው አልመለሱም። ሲጋልብ የቆየውን ድንጉላ ተመለከቱ፤ ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞረው እንዲህ አሉት፤ «አንተ ገና ጡት ሳትጥል ሦስት ፈረስ በአንድ ሳምንት ቀብሬያለሁ። የዚያን ጊዜም ለሰሊጥ ጋሪ ብዬ ከወንዝ ዳር አሳድሬአቸው ነበር፤ እሳትም ነበረ። ማታ ማሽላቸውን በልተው ያደሩ፣ በሦስተኛው ቀን አረፋ ደፈቁ። እናትህ የእጅ አምባሯን ሸጣ ነው አንዲት ባዝራ ገዝተን የጀመርነው።»

እስከዚያ ዝም ብለው ቡና ሲቆሉ የነበሩት እናት ነገሩን ቆረጡት፦ «አህዮቹ ይሂዱ። አራቱን በሁለቱ ጋሪ ጥመዷቸውና ልጁ አብሯቸው ይደር። ፈረሶቹም ከተማ ውስጥ ቀን ውሃና እህል እያመላለሱ ማታ ቤታቸው ይግቡ። የጎደለውን እግዜር ይሞላል።» ወኪሉ አህያ እንደ ፈረስ አይፈጥንም ብሎ ዋጋውን በግማሽ አወረደ፤ ባለቤቱም ሳይከራከሩ ተቀበሉ። እኛም ይህን ባየን ጊዜ፣ በዚህ ሙያ ሀብት የሚለካው በሚገኘው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሳይጠፋ በሚያድረውም መሆኑን ተረዳን።

ከዚህ በኋላ ቡና ቀረበ። በምሥራቅ ሱዳን ቡና የሚፈላበትን ዕቃም ቡናውንም «ጀበና» ይሉታል፤ ይህም ከእኛው ጋር የሚጋሩት ቃል ነው። በምሳ ጊዜ ደግሞ በአንድ ገበታ ላይ የማሽላ እንጀራና ኪስራ ጎን ለጎን ቀረቡ። ኪስራ ከማሽላ ሊጥ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ የሚጋገር የሱዳን እንጀራ ነው። እናትዬዋ በአማርኛ «ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ አፈር ስሆን» እያሉ ሲያጎርሱን፣ ጎረቤታቸው ሱዳናዊት በአረብኛ ይህንኑ ደገመችልን፤ ትርጕም የሚያስፈልገው አልነበረም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ. ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ገዳሪፍ ብዙ ተፈናቃይ አስተናግዳለች። የድንበሩ ነዋሪ ስደትን የሚያውቀው ከሁለቱም ወገን ነው፤ በ2013 ዓ. ም. ከኢትዮጵያ የሸሹት በገዳሪፍ ምድር በኡም ራኩባ ተጠልለው ነበር፤ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ከሱዳን የሸሹት በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ከሰዓት በኋላ ወደ ፈረስ አርቢው ደጅ የመጣውም ሰው በ2016 ዓ. ም. ክረምት ከሲንጃ የተፈናቀለ ነው። በአገሩ ጋሪ ነጂ ነበር፤ አሁን ዘመድ ባዋሰው ገንዘብ አንድ ፈረስ ገዝቶ ውሃ በማመላለስ ቤተ ሰቡን ሊያኖር ፈልጓል።

ባለቤቱ ጠዋት የጎደለውን ገንዘብ አስበው ቡላዋን ባዝራ አወጡ። ሰውዬው ጥርሷን አየ፤ ጋማዋን ደባበሰ፤ በሶምሶማ አስኪዶ ተመለከታት። በዋጋው ብዙ አልተከራከሩም፤ የተከራከሩት በሌላ ነገር ነው። «በየት ታድራለች?» ብለው ጠየቁት። ከድንኳኑ ውጭ እንደሚያስራት በነገራቸው ጊዜ፣ «እንግዲያው ዛሬ አትወስዳትም፤» አሉት፤ «ከአገዳ ጋጣ ሥራና ና፤ አገዳውን እኔ እሰጥሃለሁ። አጎበሩንም ደርበህ ስቀል፤ ትንኟ ከነጠላው ቀዳዳ ታልፋለችና። እስከዚያ ከእኔ ዘንድ ትቆያለች፤ ዋጋዋም ያው ነው።» ሰውዬው ራሱን ዝቅ አድርጎ አመሰገነና ቀብድ ሰጥቶ ሄደ። ልጃገረዲቱ ይህን ሁሉ ከጋጣው በር ሆና ሰማች፤ ምንም ሳትናገር ገበታውን አንሥታ ለቡላዋ የማታውን እህል ልታዘጋጅ ገባች። እናቷም ተከትላት ገብታ፣ «አይዞሽ እታለም፤ በገበያ መንገድ በየቀኑ ታገኛትያለሽ» ስትላት ሰማን።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል የግቢው ጥድፊያ ከጠዋቱ ይልቅ ባሰ። ሁለቱ ሰንጋዎች ከከተማ ተመለሱ፤ ሦስተኛው ዘገየ። አባትየው እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው መንገዱን እየተመለከቱ ሳለ፣ ረዳቱ ጋሪውን ባዶ አድርጎ በድንገላሳ ሲመጣ ታየ፤ የውሃ መቅጃው ሰልፍ ረዝሞበት ኖሯል። በርሜሉን ሳይሞላ የመጣው ፀሐዩን ፈርቶ ነበርና ስለ ጠፋው ገንዘብ የተቈጣው የለም። ፈረሶቹ ላባቸው ተጠርጎላቸው፣ ውሃ ጠጥተው አንድ በአንድ ገቡ። አጎበሩ ወረደ፤ ፋንድያው ተለኮሰ፤ ጢሱም በጋጣው ዙሪያ ዝቅ ብሎ ተነጠፈ። ልጁ በበኩሉ አራቱን አህዮች በሁለቱ ጋሪ ጠምዶ፣ የአባቱን ጉልበት ስሞ፣ ወደ ሰሊጡ እርሻ ጉዞ ጀመረ።

እኛ ከዚህ ቀን ለአንባቢያን፣ ይልቁንም በድንበር አካባቢ ለሚያገለግሉ ሹማምንት፣ የሚጠቅም ነገር አግኝተናል እንላለን። የበሽታው ክትባት በአገራችን ይሠራል፤ በቢሾፍቱ ከተማ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ከሚያመርታቸው ክትባቶች አንዱ ነው። ክትባቱ የሚጠቅመው ግን ዝናቡ ሳይጀምር በጊዜው ሲሰጥ፣ በየዓመቱም ሲታደስ ነው። ትንኝ የይለፍ ወረቀት አትጠየቅም፤ በመተማ በኩል የተከተበ ፈረስ በጋላባት በኩል ካልተከተበው ጋር በአንድ ወንዝ ይጠጣል። ስለዚህ የሁለቱ አገር የእንስሳት ሐኪሞች የበሽታውን ወሬ ፈጥነው ቢነጋገሩ፣ የኬላ ሹሞችም የሚያልፈው የጋማ ከብት የክትባት ወረቀት እንዳለው ቢጠይቁ፣ ባለ ፈረሱም ከምሽት እስከ ማለዳ ፈረሱን በጋጣ ቢዘጋ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ከጉዳት ይድናል።

የፈረስ አርቢው ስንሰናበታቸው በደጃቸው የተከመረውን ድርቆሽ በዐይናቸው እየለኩ ነበር። ስንት ቀን እንደቀራቸው ብንጠይቃቸው፣ «እስከ ኅዳር ሚካኤል ድረስ ብንዘልቅ፣ ምድሩ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ፈረሱም እኔም እንተኛለን» አሉን። እኛም በሰላም እንዲያደርሳቸው ተመኝተን፣ በጨለማ ወደ ከተማው ተመለስን።